የመቋቋሚያ ክህሎትና የመጋለጥ ሕክምና ሲጣመሩ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የማርሻ ሊነሃን ዲያሌክቲካል የባህርይ ሕክምና፣ ስሜት ሲያይል ራስን ሳይጎዱ የማሳለፍ ክህሎትን ያስተምራል። የኢድና ፎዋ የተራዘመ የመጋለጥ ሕክምና ደግሞ አሰቃቂ ነገር የደረሰበት ታካሚ የሚሸሸውን ትዝታና ቦታ ደጋግሞ እንዲጋፈጥ ያደርጋል። ሜላኒ ሃርነድ ሁለቱን አጣምረዋቸዋል። ባለሙያው አጥብቆ ሊጠነቀቅ የሚገባው፣ ክህሎቱ ራሱ መሸሻ እንዳይሆን ነው።

አደጋው ሳይበርድ ትዝታውን መንካት። ታካሚው ራሱን ለማጥፋት የተቃረበ ከሆነ፣ ወይም ባለፉት 2 ወራት ራሱን ጎድቶ ከሆነ መጋለጡ ይቆይ። እስከዚያ ክህሎቱን እየተማረ፣ የሚቀሰቅሰው ነገር ሲገጥመው ራሱን ሳይጎዳ ማለፍ መቻሉ ይታያል።

«ገና አልጠነከረችም» እያሉ መክረም። ይህም ያው ሽሽት ነው፤ የሚሸሸው ግን ባለሙያው ነው። ክህሎትን አስቀድሞ ወደ ትዝታው የሚያልፈው የሜሪሊን ክሎይትር ዘዴ መጀመሪያ ሲጠና ለክህሎቱ 8፣ ለትዝታው 8 ክፍለ ጊዜ ነበር የተሰጠው። የደረሰባትን ስትተርክ ማልቀሷና መንቀጥቀጧ ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።

በመሃል «አይዞሽ፣ በቃ ተይው» ማለት። ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ይህ ቃል ነው፤ ከደግነትም ነው። ታካሚዋ የምትረዳው ግን «ትዝታው አደገኛ ነው፣ ባለሙያውም ፈርቶታል» ብላ ነው። «እየሰማሁሽ ነው፤ ቀጥዪ፤ አሁን ፍርሃትሽ ከ100 ስንት ላይ ነው?» ይበሉ።

ክህሎትን በመሃል ማዘዝም እንዲሁ ያበላሻል። ጣና ላይ ጀልባ ተገልብጦባት የተረፈች ሴትን እናስብ። የምትፈራቸው ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከ100 ነጥብ ተሰጥቷቸው የሚደረደሩበት የፍርሃት መሰላሏ፦ ሐይቁን ከሩቅ ማየት 30፣ ዳሩ ላይ መቀመጥ 45፣ የታሰረ ጀልባ ላይ መውጣት 65፣ ዘጌ ደርሶ መመለስ 85። የታሰረው ጀልባ ላይ ወጥታ ዓይኗን ጨፍና፣ የእህቷን ክንድ ጨብጣ፣ ትንፋሿን እየቆጠረች 40 ደቂቃ ብትቆይ ያተረፈችው የለም፤ «የተረፍኩት በመቁጠሬ ነው» ብላ ትመለሳለች። ዓይኗን ገልጣ ውሃውን ትይ፣ ፍርሃቱ በግማሽ እስኪወርድ ወይም ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ትቆይ። ጀልባው ሲንቀሳቀስ ግን የመንሳፈፊያ ጃኬት ታድርግ፤ እሱ ለማንም ተሳፋሪ የሚገባ ጥንቃቄ ነው። ክህሎቱ በመሃል የሚፈቀደው፣ ለምሳሌ ክሊኒኩ ውስጥ ስትተርክ፣ በትዝታው ተውጣ ያለችበትን ስትረሳ ነው፤ እግሯን መሬት ታስረግጥ፣ በክፍሉ ያለውን ትጥራ፣ ስትመለስ ወደ ትረካው።

ጊዜ ማሳጠር። ክፍለ ጊዜው 90 ደቂቃ ነው፦ ትረካው ከ30 እስከ 45፣ ስለ ትረካው መነጋገሩ ከ15 እስከ 20። ወረፋ በዛ ተብሎ ትረካው ጫፍ ላይ ሲቋረጥ ታካሚዋ በዚያው ስሜት ባጃጅ ትሳፈራለች። ክህሎቱ ቦታው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ከክህሎቶቹ አንዱ የሆነው ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ መንከር ግን የልብ ምትን ስለሚቀንስ የልብ ሕመም ላለበት አይታዘዝ።

እውነተኛ አደጋን እንደ ፍርሃት መቁጠር። ተኩስ የሚሰማበት መንገድ፣ በምሽት መውጣት፣ ጥቃት ያደረሰው ሰው የሚኖርበት ሰፈር መሰላሉ ላይ አይገቡም። የሰፈሩን ሁኔታ በየሳምንቱ ጠይቀው መሰላሉን ያስተካክሉ፤ ባለፈው ሰላም የነበረው ዛሬ ላይሆን ይችላል።

የተቀዳውን ድምፅ ያለ ጥንቃቄ መስጠት። ታካሚዋ የራሷን ትረካ በየቀኑ ቤቷ እንድትሰማ ይታዘዛል። ስልኩን ባሏ ወይም ልጆቿ የሚነኩት ከሆነ፣ በተለይ ጉዳዩ መደፈር ከሆነ፣ ምስጢሯ በአንድ ምሽት ይወጣል። የስልኩን ባለቤት፣ የይለፍ ቃሉንና የምትሰማበትን ሰዓት ከመቅዳትዎ በፊት ይጠይቁ፤ ካልተመቸ መጥታ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ትስማ።