የክሮሚየም ቤተሰብ የኤሌክትሮን አደራደርና የኦክሲዴሽን ቁጥር አወጣጥ

በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ 6ኛ ምድብ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ክሮሚየም፣ ሞሊብዲነም፣ ተንግስተንና ሲቦርጊየም ይገኛሉ። ሲቦርጊየም በሰው እጅ ብቻ የሚሠራና ቶሎ የሚፈራርስ ስለሆነ እዚህ አንመለከተውም። የሌሎቹን ሦስት የሽግግር ብረቶች የኤሌክትሮን አደራደር ግን ከመሸምደድ ይልቅ ቆጥሮ ማውጣት ይሻላል።

መጀመሪያ ከብረቱ አቶሚክ ቁጥር (ከፕሮቶኖቹ ብዛት) ላይ፣ ከእርሱ በፊት ያለውን የቅርብ ኖብል ጋዝ (በሰንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ የሚገኝ ጋዝ) አቶሚክ ቁጥር ይቀንሱ። ለክሮሚየም ከ24 ላይ የአርጎን 18 ሲቀነስ 6፣ ለሞሊብዲነም ከ42 ላይ የክሪፕተን 36 ሲቀነስ እንዲሁ 6 ይቀራል። ለተንግስተን ከ74 ላይ የዜኖን 54 ሲቀነስ 20 ስለሚቀር፣ ወደ 6 የሚደርሱት 14ቱን 4ኤፍ በተባለው ንዑስ ሼል (የኤሌክትሮኖች መቀመጫ ክፍል) ካስቀመጡ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ስድስቱን በኤስና በዲ ንዑስ ሼሎች ያከፋፍሉ። በተለመደው የአሞላል ሥርዓት ክሮሚየም በ4ኤስ 2፣ በ3ዲ 4 ኤሌክትሮኖች ሊኖሩት ይገባ ነበር፤ በተግባር የሚገኘው ግን በ4ኤስ 1፣ በ3ዲ 5 ነው። ሞሊብዲነምም በ5ኤስ 1፣ በ4ዲ 5 ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ «ግማሹ የሞላ ዲ ይበልጥ የተረጋጋ ስለሆነ» ተብሎ ይታለፋል፤ ይህን እንደ ማይሻር ሕግ የያዘ ተማሪ ግን ተንግስተን ላይ ይሰናከላል፣ የተንግስተን አደራደር በ6ኤስ 2፣ በ5ዲ 4 ነውና። 74 ፕሮቶኖች ያሉት ኒውክለስ በአጠገቡ የሚያልፉትን ኤሌክትሮኖች እጅግ ስለሚያፈጥናቸው፣ በሬላቲቪቲ ሕግ መሠረት የ6ኤስ ኤሌክትሮኖች ወደ ውስጥ ተስበው አጥብቀው ይያዛሉ።

አዮን (እዚህ ላይ ኤሌክትሮን ያጣ አቶም) ሲጽፉ ቀድመው የሚወጡት የኤስ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ክሮሚየም 3 ኤሌክትሮኖች ሲያጣ አንዱ ከ4ኤስ፣ ሁለቱ ከ3ዲ ይሄዱና በ3ዲ 3 ይቀራሉ። ሩቢ የተባለውን ዕንቁ የሚያቀላው፣ በአሉሚኒየም ቦታ በጥቂቱ የሚገባው ይኸው አዮን ነው።

የኦክሲዴሽን ቁጥርን፣ ማለትም አቶሙ በውሁድ ውስጥ አጣ ወይም አገኘ ተብሎ የሚቆጠረውን የኤሌክትሮን ብዛት ለማግኘት ፖታሲየም ዳይክሮሜትን ይውሰዱ፤ 2 ፖታሲየም፣ 2 ክሮሚየምና 7 ኦክስጅን አለው። ኦክስጅኖቹ እያንዳንዳቸው -2 ሆነው በድምሩ -14፣ ፖታሲየሞቹ እያንዳንዳቸው +1 ሆነው +2 ስለሆኑ፣ ጠቅላላው ዜሮ እንዲሆን ለሁለቱ ክሮሚየሞች +12፣ ለእያንዳንዳቸው +6 ይደርሳቸዋል። ስድስቱም የውጭ ኤሌክትሮኖች እዚህ ላይ ስለሚያልቁ፣ +7 ካገኙ ስሌቱን እንደገና ይሥሩ።

ቀለም ብቻ አይመኑ። ቢጫው የክሮሜት ሙሙት አሲድ ሲጨመርበት ብርቱካንማ ወደሆነው ዳይክሮሜት ይለወጣል፤ ክሮሚየሙ ግን በሁለቱም +6 ነው። ዳይክሮሜት ኢታኖልን ኦክሲዳይዝ ሲያደርግ (ኤሌክትሮን ሲወስድበት) የሚታየው አረንጓዴ በአንጻሩ ወደ +3 መውረዱን ያሳያል። ሙከራውን በቤተ ሙከራ የሚሠሩ ከሆነ የ+6 ክሮሚየም ውሁዶች ካንሰር አምጪ በመሆናቸው ጓንት ያድርጉ፤ የተረፈውንም ወደ ፍሳሽ ሳይደፉ ለአደገኛ ኬሚካል በተዘጋጀ ዕቃ ያጠራቅሙ።