በኮምፒውተር የሚታዘዝ ቤት ሠራሽ ቶርኖ ልኬት ሲስት

ራሳችን የሠራነው ቶርኖ ልኬት ሲስት አብዛኞቻችን የምንቸኩለው በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ቁጥር ለመለወጥ ነው። የስሕተቱ ጠባይ ሳይታወቅ ቁጥሩ እንዳይነካ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የላላ ብሎን በቁጥር አይጠብቅምና።

ዋናውን ሞተር አጥፍታችሁ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) በአልጋው ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ መቁረጫውን 10 ሚሊ ሜትር ወስዶ ወደ ዜሮ የሚመልስ ትእዛዝም 50 ጊዜ አስደጋግሙ። ስሕተቱ በተሄደው ርቀት ልክ የሚያድግ ከሆነ የፐልሱ፣ ማለትም ሞተሩን ለማንቀሳቀስ የሚላከው የኤሌክትሪክ ምት፣ ስሌት ተሳስቷል፤ በዙር 200 እርምጃ ያለው ስቴፐር ሞተር (በእርምጃ እየተከፋፈለ የሚዞር ሞተር) እያንዳንዱ እርምጃ ለ8 ተከፍሎለት በዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ጥርሳም ዘንግ ቢያዞር፣ ለአንድ ሚሊ ሜትር 320 ፐልስ ያስፈልጋል። አቅጣጫ ሲቀየር ብቻ የሚታይና መጠኑ የማይለዋወጥ ከሆነ ልቅነት አለ ማለት ነው። ሆኖም በጥርሳሙ ዘንግ ላይ የሚሄደውን ዳዶ ከመቀየራችሁ በፊት ጌጁን በዘንጉ ጫፍ ላይ አሳርፉት፤ ዘንጉ ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚል ከሆነ ችግሩ ያለው ኩሽኔታው ላይ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት፣ ማለትም መቁረጫው ወደ ዜሮ በተመለሰ ቁጥር እየተጠራቀመ የሚሄደው ስሕተት፣ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። በሞተሩ ዘንግ፣ በመገጣጠሚያውና በጥርሳሙ ዘንግ ላይ አንድ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተዛነፈ መገጣጠሚያው እየተንሸራተተ ነው። ካልተዛነፈ የጎደለውን መጠን ለኩ፤ ጭነት ያሸነፈው ስቴፐር ሞተር የሚስተው በ4 ሙሉ እርምጃ ብዜት ስለሆነ፣ ከላይ በተጠቀሰው ዘንግ ላይ ጉድለቱ 0.1፣ 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር እየሆነ ይመጣል። እንዲህ ከሆነ ሞተሩ ፍጥነት የሚጨምርበትን መጠን ቀንሱ፤ መቁረጫውን የተሸከመው ተንሸራታች ከልክ በላይ ጠብቆ እንደሆነም እዩ። ጉድለቱ ከዚህ በጣም ያነሰና ዋናው ሞተር ሲዞር ብቻ የሚታይ ከሆነ ደግሞ፣ የኤሌክትሪክ ረብሻ እንደ ፐልስ እየተቆጠረ ስለሚሆን የምልክቱን ገመድ ከኃይሉ ገመድ አርቁ። መቁረጫው ወደ ሥራው በሚገባበት አቅጣጫ የተሳተው ልክ በዲያሜትሩ ላይ እጥፍ እንደሚሆንም አትዘንጉ።

ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ባለችው ደብረ ብርሃን፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ግራሶው ስለሚጠጥር ከሰዓት በኋላ ያለ ችግር የሚሠራው ማሽን ጠዋት እርምጃ ሊስት ይችላል። ብረቱም ቢሆን ይለወጣል፤ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ በ15 ዲግሪ ሲሞቅ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስለዚህ ጠዋት መቁረጫውን ያለ ሥራ ከዳር እስከ ዳር አመላልሱት፤ ዜሮውንም ማሽኑ ከሞቀ በኋላ ያዙ።