ከመጠጥ እያገገሙ የድባቴ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሐዋሳ በአእምሮ ጤና ተመላላሽ ክፍል በነርስነት ስሠራ ደጋግሜ ከማያቸው ስህተቶች የከፋው፣ ለመጠጣት ሲሉ መድኃኒቱን መዝለል ነው። ታካሚው አልኮልና መድኃኒት አብረው እንደማይሄዱ ተነግሮታል፤ ነገር ግን ቅዳሜ ማታ ጓደኞቹ ሲጠሩት የሚተወው መጠጡን ሳይሆን ክኒኑን ነው። «ሲስተር፣ ዛሬ ስለምጠጣ ነገ ብውጠው ምን አለበት?» ብለው የሚጠይቁኝ ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙት ሳይጠይቁ ያቋርጣሉ። የቅዳሜው መዝለል እሑድን ይጨምራል፤ ሰኞ በራስ ምታትና በሐፍረት ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቀጠሮ መምጣት ራሱ ይከብዳል።

ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲደርስ ከተማችን በእንግዳ ትሞላለች፤ በየቤቱም ጠላ ይጠመቃል። ለወራት ሳይጠጣ የቆየ አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ በዋዜማው ክኒኑን አስቀምጦ ከዘመዶቹ ጋር ሲጠጣ ሰነበተ። ከሳምንታት በኋላ ወደ እኛ የተመለሰው እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ አስጠልቶት፣ መኖሩ ለልጆቹ ሸክም እንደሆነ እየተናገረ ነበር።

ይህ መዝለል ታካሚው ያሰበውን ጥቅም እንኳ አያስገኝም። ፍሉኦክሰቲን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከቆየ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ብቻ ከ4 እስከ 6 ቀን ስለሚፈጅበት፣ አንድ ቀን የዘለለ ሰው የሚጠጣው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ እያለ ነው። ስለዚህ መጠጡ ያገረሸበት ሰው በራሱ ውሳኔ መድኃኒቱን ከማቆም ይልቅ በማግሥቱ ደውሎ ወይም መጥቶ የሆነውን ይንገረን፤ የምንቆጣው ሰው አይኖርም። አሚትሪፕቲሊን የተባለውን ሌላ የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ግን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ይህ መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲደራረብ ከባድ ድንዛዜ ስለሚያስከትል፣ መጠኑ ሲበዛም ልብን ስለሚጎዳ፣ በስካር ላይ ሆኖ መዋጥ አይገባም፤ ቀጣዩን መቼ እንደሚወስድም በዚያው ቀን ባለሙያ ይጠይቅ። ቤተሰብም «ጠጥተህ ደግሞ መድኃኒት!» ብሎ ክኒኑን ከመቀማት ይቆጠብ።

ጠላና ቦርዴ አልኮል አላቸው። «መጠጥ አቁሜያለሁ፣ ጠላ ብቻ ነው» የሚለው ታካሚ አላቆመም።

በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው የድባቴ መድኃኒት ስለጀመረ ብቻ መጠጡን ቤቱ ተቀምጦ በአንድ ጊዜ ማቆም የለበትም። መድኃኒቱ መጠጥ ሲቋረጥ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ አይከላከልም፤ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነትን የሚያንፈራግጥ መውደቅ ሊመጣ ይችላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሕይወትን የሚያሰጋ ቅዠትና የአእምሮ መናወጥ ሊከተል ይችላል። ይህ ጊዜ በሐኪም ክትትል፣ ለጥቂት ቀናት በሚሰጥ ዲያዜፓም በተባለ ማረጋጊያ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 መታለፍ አለበት። ያንኑ ዲያዜፓም ከጎረቤት ተቀብሎ ለእንቅልፍ ማዘውተር ግን ሌላ ሱስ መጀመር ነው።

የሚጠጡትን መጠን ደብቀው የሚመጡም አሉ። መጠጥ ራሱ ድባቴን ያመጣል፤ በብዙዎችም ላይ መጠጡ ከቆመ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ መድኃኒት ይቀላል። ሐኪሙ ይህን ከነባር ድባቴ የሚለየው የተነገረውን ይዞ ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ መጠበቅ የለበትም።

መድኃኒቱ መሥራት የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ሲሆን ማቅለሽለሹ ቀድሞ ይመጣል። በእነዚያ ሳምንታት፣ በተለይ ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ ታካሚ እረፍት ቢያጣ ወይም ሞትን ቢመኝ ያለ ቀጠሮ ይምጣ። ተሽሎኛል ብሎ ወዲያው ማቆምም ስህተት ነው፤ ከተሻለ በኋላ ቢያንስ 6 ወር መቀጠል ያስፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ ጫት ቅሞ ማታ በጨብሲ ሰበብ መጠጥ ቤት የሚገባ ሰው፣ ጫቱን ሳይተው ከመጠጡ ሲላቀቅ እስካሁን አላየሁም። ለሕመም ማስታገሻ ትራማዶል ወይም ዲክሎፌናክ ከመግዛትዎ በፊት የሚወስዱትን የድባቴ መድኃኒት ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገሩ።

ጸበል ሲገቡ መድኃኒቱን የሚያቆሙ ታካሚዎች ያሳዝኑኛል፤ ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉና። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ፣ ያለ ምግብም ሊዋጡ የሚችሉ ስለሆኑ፣ የሚጾም ሰው አስቀድሞ ቢነግረን የሚወስድበትን ሰዓት ከጾሙ ጋር አስማምተን በካርዱ ላይ እንጽፍለታለን።