ከጨረታው ቀን በፊት የሰጡትን ዋጋ ሲሰርዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቆየ ሳንቲም፣ ቴምብር፣ ሜዳሊያ ወይም የስፖርት ካርድ በጨረታ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ አይገኝም። ካታሎጉን ያገላብጣል፣ የሚፈልገውን ሎት (በካታሎጉ ላይ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶት ለብቻው የሚሸጠውን ዕቃ) ይመርጣል፣ ከዚያም «እስከዚህ ዋጋ ድረስ ተጫረቱልኝ» ብሎ ለአጫራቹ ድርጅት በጽሑፍ ያስቀምጣል። ከዚያ እስከ ጨረታው ቀን ድረስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በነዚህ ሳምንታት ሐሳብ ይለወጣል፣ ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ይፈለጋል፣ ወይም ዕቃው እንደተባለው አለመሆኑ ይደረስበታል። ዋጋን መሰረዝ በራሱ ነውር የለውም። ጣጣው የሚመጣው ተጫራቹ «ሰርዣለሁ» ብሎ አምኖ ሲቀመጥ፣ በአጫራቹ መዝገብ ላይ ግን ዋጋው እንዳለ ሲቆይ ነው።

«መዶሻው እስኪመታ ነፃ ነኝ» ብሎ መተማመን

አባባሉ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1789 በፔይን እና በኬቭ መካከል በነበረው ክርክር፣ የተጫራች ዋጋ ገና ተቀባይነት ያላገኘ የውል ሐሳብ በመሆኑ አጫራቹ ሽያጩን የሚያጸናበት መዶሻ ከመመታቱ በፊት ሊተው እንደሚችል ተወስኗል። የ1979ኙ የብሪታንያ የዕቃዎች ሽያጭ ሕግ በአንቀጽ 57 ይህንኑ አስፍሯል፤ የአሜሪካ ወጥ የንግድ ሕግም በክፍል 2-328 ተመሳሳይ ድንጋጌ አለው። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከዚህ ይለያል፤ በአንቀጽ 156 መሠረት አንድ ዋጋ ቀሪ የሚሆነው ሌላ ሰው ሲበልጥበት ወይም ጨረታው አሸናፊ ሳይለይበት ሲዘጋ ነው፣ እስከዚያው ግን በመርህ ደረጃ ዋጋውን የሰጠው ሰው በቃሉ ይታሰራል። በዚህ ላይ ተጫራቹ ሲመዘገብ የተስማማበት የጨረታ ደንብ አለ፤ ስረዛ እስከ መቼና በምን መንገድ ተቀባይነት እንዳለው የሚታወቀው ከዚያ ነው። ደንቡን ዋጋ ከመስጠት በፊት ማንበብ የሚያሰለች ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ጨረታው ሁለት ቀን ሲቀረው ማንበብ ግን የባሰ ነው።

ሕጉ የቱንም ያህል ቢፈቅድ፣ መዶሻው ከመመታቱ በፊት «ትቻለሁ» ማለት የሚችለው አዳራሹ ውስጥ የቆመ ሰው ነው። ዋጋውን በጽሑፍ ያስቀመጠ ሰው አፉን ለአጫራቹ አበድሯል ማለት ይቻላል፤ ሎቱ ሲጠራ ስለ እሱ የሚናገረው መዝገቡ እንጂ የልቡ ሐሳብ አይደለም።

መልእክት መላክን እንደ መሰረዝ መቁጠር

ይህኛውን ስህተት ራሴ ስለ ሠራሁት ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ጨረታው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር፤ እኔ ዓርብ ማታ፣ በልበ ሙሉነት፣ በአንድ የብር ሳንቲም ላይ ያስቀመጥሁትን ዋጋ እንዲሰርዙልኝ በኢሜይል ጻፍሁ። መልእክቱ የተላከበት ሰዓት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የተነበበው ግን ሰኞ ጠዋት ነው። በመካከሉ ሳንቲሙን አሸንፌ፣ የክፍያ መጠየቂያው ከነኮሚሽኑ ደርሶኝ ነበር። ደንቡን ዘግይቼ ስከፍተው፣ የስረዛ ጥያቄ ድርጅቱ መቀበሉን ካላረጋገጠ በስተቀር እንዳልቀረበ ይቆጠራል የሚል ዓረፍተ ነገር በግልጽ ተጽፎ አገኘሁት። ከፈልሁ፤ ሳንቲሙ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

እንግዲህ የተላከ መልእክት ጥያቄ ነው፤ ስረዛ የሚሆነው የሎቱን ቁጥር ጠቅሶ «ሰርዘናል» የሚል የጽሑፍ መልስ ሲመጣ ነው። መልሱ ከዘገየ ስልክ መደወል፣ ያነጋገሩትን ሠራተኛ ስም መያዝ፣ ከዚያም የተባባሉትን በአጭሩ ጽፎ መላክ ያስፈልጋል። ዋጋው የተሰጠው በኢንተርኔት ከሆነ የራስን መለያ ከፍቶ ሎቱ ከዝርዝሩ መውጣቱን በዓይን ማየት፣ ገጹንም በምስል ማስቀረት ጥሩ ነው። የመጨረሻው ሰዓት የሚቆጠረውም ጨረታው በሚካሄድበት አገር አቆጣጠር እንደሆነ መዘንጋት የለበትም፤ አንድ ቀን ቀረኝ ብሎ ያሰበ ሰው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ቀርተውት ሊሆን ይችላል።

በአሻሚ ቃል መጻፍ

«ዋጋዬን አንሱልኝ» የሚለውን መልእክት እንውሰድ። አንዱ አንባቢ «ሰርዙልኝ» ማለት ነው ሲል፣ ሌላው «ከፍ አድርጉልኝ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። «ያን ሳንቲም ተውት» የሚለውም፣ ካታሎጉ አራት መቶ ሳንቲሞች ሲይዝ፣ ለሠራተኛው ምንም አይነግረውም። የሎት ቁጥርም ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ድርጅት በተከታታይ ቀናት የተለያዩ ጨረታዎችን ሊያካሂድና ቁጥሩም ሊደጋገም ይችላልና። የሚከተለው ዓይነት መልእክት ለጥርጣሬ ቦታ አይተውም፦ «በጨረታ ቁጥር 38፣ በሎት 214 ላይ፣ በተጫራች ቁጥር 1127 ያስቀመጥሁት ዋጋ ሙሉ በሙሉ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ። በሎት 219 ላይ ያለው ዋጋዬ ግን ባለበት ይቀጥል። መሰረዙን በጽሑፍ እንድታረጋግጡልኝ።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም አንዱ ሎት ይሰረዝልኝ ሲባል ሠራተኛው ሁሉንም እንዳይሰርዝ የሚከለክለው እሱ ነው።

በሌላ በር የገባውን ዋጋ መርሳት

አንድ ሎት በአጫራቹ በራሱ ድረ ገጽ፣ የብዙ አጫራቾችን ጨረታ በሚያስተናግድ ሌላ ገጽ፣ በኢሜይልና በስልክ ዋጋ ሊሰጥበት ይችላል። ተጫራቹ ከወር በፊት በአንደኛው መንገድ ዋጋ አስቀምጦ፣ በኋላ ከፍ ያለውን በሌላው ካስገባ፣ ሁለት ትእዛዞች ጎን ለጎን ይቆማሉ። አዲሱን ሲሰርዝ አሮጌው አብሮ አይሞትም። ስለዚህ በስረዛው መልእክት ላይ «በማንኛውም መንገድ የሰጠሁት» የሚል ሐረግ መጨመር ይረዳል፤ በሌላው ገጽ የገባውን ግን እዚያው ገጽ ላይ ሄዶ መሰረዝ ይገባል።

መሰረዝ ሳያስፈልግ መሰረዝ

ብዙ ሰው ዋጋውን የሚሰርዘው ዕቃውን ጠልቶ ሳይሆን «ሁሉንም ባሸንፍስ?» ብሎ ስለሚሰጋ ነው። ለዚህ ስጋት ከስረዛ የተሻለ መላ አለ። ብዙ የሳንቲምና የቴምብር አጫራቾች በ«ወይም» የታሰረ ትእዛዝ ይቀበላሉ፤ ማለትም ሎት 60ን ካላገኛችሁልኝ 75ን፣ እሱንም ካጣችሁ 112ን ግዙልኝ ማለት ይቻላል፤ አንደኛው ሲገኝ የቀሩት ይተዋሉ። የጠቅላላ ወጪ ጣሪያ መወሰንም የተለመደ ነው። ይህን ባለማወቅ የሚሻለውን ዕቃ ሰርዘው በማይረባው የቀሩ ሰብሳቢዎችን አውቃለሁ።

ጥርጣሬን እስከ ጨረታው ማግስት ማቆየት

ከሁሉም ይበልጥ የሚያከራክረው ዕቃው ላይ ጥያቄ ሲነሣ ነው። ሳንቲሙ የሳንቲሞችን ትክክለኛነትና ጥራት በሚመረምሩት ድርጅቶች፣ በፒሲጂኤስ ወይም በኤንጂሲ፣ ደረጃ ወጥቶለት ማሸጊያ ውስጥ የተቀመጠ ከሆነ፣ በማሸጊያው ላይ ያለውን የምስክር ወረቀት ቁጥር በድርጅቶቹ ገጽ ላይ ማመሳከር ይቻላል። ቁጥሩ የሚያሳየው ሌላ ዓመተ ምሕረት ወይም ሌላ ደረጃ ከሆነ፣ ማስረጃውን አያይዞ በዚያው ቀን ስረዛ መጠየቅ ነው፤ ካታሎጉ ስህተት እንዳለበት በማስረጃ የታየው አጫራች ጥያቄውን ችላ የሚልበት ምክንያት ጥቂት ነው። ጀርባው ላይ ያለው ሙጫ በኋላ የተቀባ የሚመስል ቴምብር ሲያጋጥም ደግሞ ሌላ አማራጭ አለ፤ ብዙ የቴምብር አጫራቾች ሽያጩ በባለሙያ ምርመራ ውጤት ላይ እንዲመሠረት ይፈቅዳሉ፣ ግን ጥያቄው ከጨረታው በፊት መቅረብ አለበት። አጫራቹ ካታሎጉ ከታተመ በኋላ የሚያወጣቸውን የማረሚያ ማስታወቂያዎች አለመከታተልም ያስጎዳል፤ ማረሚያው በደንቡ መሠረት የመግለጫው አካል ሆኖ ስለሚቆጠር፣ «አላየሁትም» ማለት ዋጋ የለውም።

የኢንተርኔት ጨረታን እንደ አዳራሽ ጨረታ ማየት

በሰዓት በሚዘጉ ጨረታዎች የስረዛው ሕግ የገጹ ሕግ ነው። ለምሳሌ የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ ስረዛ የሚፈቅደው መጠኑ በስህተት ሲጻፍ፣ የዕቃው መግለጫ በከፍተኛ ሁኔታ ሲለወጥ ወይም ሻጩን ማግኘት ሳይቻል ሲቀር ነው፤ የሐሳብ መለወጥ በምክንያትነት አይቆጠርም። ጨረታው ሊዘጋ ከ12 ሰዓት በላይ ከቀረው ስረዛው ሰውየው በዚያ ዕቃ ላይ የሰጣቸውን ዋጋዎች በሙሉ ያጠፋል፤ ከ12 ሰዓት በታች ከቀረው ግን የሚሰረዘው የመጨረሻው ዋጋ ብቻ ነው፣ እሱም በተሰጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተጠየቀ።

«ሌላ ሰው ይበልጠኛል» ብሎ ዝም ማለት

በሌላ ሰው ላይ ተስፋ ጥሎ ከመቀመጥ መሰረዝ ይሻላል። አሸንፎ አለመክፈል ደግሞ ከስረዛ ጋር ጨርሶ አይነጻጸርም፤ መዶሻው ከተመታ በኋላ ውል ተፈጽሟል፣ ድርጅቱም ገንዘቡን በሕግ ሊጠይቅና ሰውየውን ከቀጣይ ጨረታዎች ሊያግድ ይችላል።

ማስያዣ ከተከፈለም ስረዛው ገንዘቡን በራሱ ጊዜ አይመልሰውም፤ ተመላሽ እንዲደረግ ለብቻው በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጨረታው በተካሄደ ዕለትም የተሰረዘውን ሎት ውጤት መመልከት ተገቢ ነው፤ በስህተት የክፍያ መጠየቂያ ከመጣ፣ የማረጋገጫውን መልእክት አያይዞ ዕቃው ከመላኩ በፊት፣ በዚያው ዕለት መቃወም ይቻላል።