አሮጌ የሳንቃ ጀልባ፦ ከመግዛት በፊት መመርመር፣ ከገዙ በኋላ መጠገን

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ፣ ተገልብጦ የከረመ የእንጨት ጀልባ ለመግዛት ካሰባችሁ በቀለሙ አትታለሉ፤ ቀለም ብስባሹንም ጤነኛውንም እኩል ያሳምራል። ቢላ ያዙ።

የጎድን እንጨቶቹ ወለሉን የሚነኩበትን፣ የአፍንጫውንና የኋላውን መጋጠሚያ፣ በቆርቆሮ የተለጠፈውን ቦታ ሁሉ በቢላው ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉ። ጤነኛ እንጨት ቢላ ይመልሳል። ያለ ትግል 3 ሚሊ ሜትር ከገባ ሳንቃው ሞቷል። ብስባሹ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ዝናብ ወለሉ ላይ ይተኛና በጎድኑ ሥር ሰርጎ ይቀራል። ቆርቆሮ የተመታበት ደግሞ ይብሳል፣ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ከጎድኖቹ ግማሹ ከላሸቁ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

እንጨቱን ለመለየት ጥግ ላይ ትንሽ ላጉ። ገርጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብዙ የማይታይ ዝግባ ነው፤ ቡናማና ቀለል ያለ ዋንዛ፤ ቀላ ብሎ እርሳስ እርሳስ የሚሸት ጥድ። ጥድ ብስባሽ ይችላል፣ ዝግባ ካልተቀባ ቶሎ ይሄዳል። ለምትክ ያንኑ ዓይነት፣ በደንብ የደረቀ ሳንቃ ፈልጉ።

ሳንቃ ሳትነቅሉ በፊት ጀልባውን እርጥብ ጆንያ አልብሱትና ለሦስት ለአራት ቀን አርጥቡት። ደርቆ የተከፈተው መጋጠሚያ አብጦ ይገጥማል፤ ያልገጠመውን በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። የብስ ላይ ውሃ ሞልቶ መሞከር ግን ጀልባ መስበር ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል።

ከዚያ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት ይሰነጠቃል።

የበሰበሰውን ሳንቃ ጤነኛው እስኪገኝ ቁረጡ። አዲሱንና ነባሩን የምታገናኙት በቁም ሳይሆን በሰያፍ ነው፤ የሰያፉ ርዝመት የውፍረቱ 8 እጥፍ፣ ማለትም ለ2 ሳንቲ ሜትር ሳንቃ 16 ሳንቲ ሜትር። ለምስማሩ ቀድማችሁ ከእሱ በቀጠነ ትራፓኖ ብሱ፣ አለዚያ ጫፉ ይሰነጠቃል። ምስማሩ ሁለቱን እንጨት አልፎ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ፤ ጫፉን የእንጨቱን ጅማት አቋርጣችሁ እጠፉት። በጅማቱ አቅጣጫ ከታጠፈ ሳንቃውን ይፈለቅቀዋል።

መጋጠሚያውን መድፈን ትዕግሥት ይጠይቃል። አሮጌውን ሬንጅ ፋቁ፣ ስንጥቁን ቀጠን ያለ ቀለም ቀቡ፣ ከዚያ የተፈተለ ጥጥ በደነዘ መሮ እስከ ግማሽ ጥልቀቱ ብቻ ጠቅጥቁ። የቀረውን በተልባ ዘይት በተቦካ የጠመኔ ዱቄት ሙሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ደረቅ እንጨት ላይ ጥጡን አጥብቆ ይመታል፣ ሳንቃው ውሃ ገብቶ ሲያብጥ ምስማሩን ከጎድኑ ይነቅለዋል። የግድግዳ እስቱኮም አይሆንም፣ ውሃ ውስጥ ይሟሟል።

ውስጡን የተልባ ዘይትና አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ ቀቡ፤ ውጭውን የዘይት ቀለም፣ የመጀመሪያውን ዙር አቅጥናችሁ፣ ከዚያ ሁለት ዙር። ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

መጀመሪያ ጥልቀት በሌለው ቦታ በገመድ አስራችሁ አሳድሩት። በመጀመሪያው ቀን ማፍሰሱ አያስደንግጥ። በሦስተኛውም ቀን ካላቆመ አውጥታችሁ ምልክት ያደረጋችሁበትን መጋጠሚያ እንደገና ክፈቱ።