ብሔራዊ ፓርኮችንና ታሪካዊ ቦታዎችን ለዓመታት እንዴት መጎብኘት ይቻላል? ከአዲስ አበባ ዳር የሚጀምር ዕቅድ

ላሊበላን ለማየት ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው ብዙ ነው። አዳዲ ማርያምን ያየ ግን ጥቂት ነው። አዳዲ ማርያም እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ተፈልፍላ የወጣች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ያውም ከአለም ገና ማለዳ ወጥቶ ማታ ቤት የሚገባባት። ባሌ ተራራ ለመሄድ የሚመኝ ሰውም ብዙ ነው። ከሰበታ በላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን ግን ከመኪና መስኮት እንኳ ያላየ አለ።

የአገራችንን ፓርኮችና ቅርሶች በአንድ የዕረፍት ጊዜ ማዳረስ አይቻልም። በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ብቻ እስከ 2024 እ.ኤ.አ. 12 ደርሰዋል። ስለዚህ የብዙ ዓመት ሥራ ነው ብሎ መነሳት ይሻላል። የምመክረው ከደጃፍ መጀመር ነው። ምክንያቱ ወጪ ብቻ አይደለም። የቅርቡ ቦታ ለሩቁ ዐይን ያስለምዳል። አዳዲን ሁለት ሦስቴ ያየ ሰው ላሊበላ ሲደርስ ምን ማየት እንዳለበት ያውቃል። ሱባ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ የለመደ ሰው ባሌ ላይ እንስሳ ያያል።

በዚህ ላይ እኛ የከተማ ዳር ነዋሪዎች ዕድለኞች ነን። ሰበታ፣ አለም ገና፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ገላን የሚኖር ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አስፋልቱ ላይ ነው። የመሀል ከተማው ሰው ያን ጊዜ ገና ከሰፈሩ አልወጣም።

1. ቦታዎቹን ሳይሆን መንገዶቹን ጻፉ

ብዙ ሰው የቦታ ስም ይደረድርና ዝርዝሩ ራሱ ያደክመዋል። አንድ ወረቀት አምጡ። መሀሉ ላይ አዲስ አበባን አድርጉና የሚወጡትን መንገዶች አስምሩ፦ የቡታጅራ፣ የጅማ፣ የአምቦ፣ የጎጃም፣ የደሴ፣ የቢሾፍቱና አዳማ። ከዚያ በየመንገዱ ላይ ያለውን አስቀምጡ።

የቡታጅራ መንገድ ከአለም ገና ይገነጠላል። መልካ ቁንጥሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ እዚሁ መስመር ላይ ወይም አጠገቡ ናቸው። የጅማው መንገድ ሰበታ ላይ ወደ ሱባ ደን ያወጣችኋል። በአምቦ መንገድ ገፈርሳን፣ ሆለታንና አዲስ ዓለምን ታገኛላችሁ። በጎጃም መንገድ ደብረ ሊባኖስ፣ በቢሾፍቱ በኩል ደግሞ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቆቹና ዝቋላ አሉ። እንጦጦ ከሁሉም ቅርብ ነው።

2. ለአንድ ዓመት አንድ መንገድ ያዙ

ከቤታችሁ የሚቀርበውን መንገድ ምረጡና ዓመቱን ለሱ ስጡ። ዛሬ ደብረ ሊባኖስ፣ በሳምንቱ ዝቋላ ማለት አይጠቅምም። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ቦታዎች እርስ በርሳቸው ይተረጓጎማሉና።

አዲስ ዓለምን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። ከከተማው በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አፄ ምኒልክ በማገዶ እጥረት ምክንያት ዋና ከተማቸውን ከአዲስ አበባ ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። በኋላ ባሕር ዛፍ መጣና ከተማው ባለበት ቀረ። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ቦታም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። መጀመሪያ እንጦጦ ወጥቶ ባሕር ዛፉን ያየ ሰው አዲስ ዓለም ሲደርስ ታሪኩ ይገባዋል። አንዱን ብቻ ያየ ግን ግማሹን ይዞ ይመለሳል።

የቱን መንገድ ላስቀድም ለሚል የኔ መልስ የቡታጅራው ነው። በዚህ ርቀት ላይ ይህን ያህል ዘመን አንድ ላይ የያዘ ሌላ መንገድ በከተማችን ዙሪያ የለም።

መልካ ቁንጥሬ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከላይኛው አዋሽ ዳር ነው። ቦታውን በ1963 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ዤራርድ ዴከር የሚባል የኔዘርላንድ የውሃ ባለሙያ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በአቅራቢያው ካለው ባልጪት ከሚባል ቦታ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ የሰው ልጅ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረበት ዘመን ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ሙዚየሙ ትንንሽ ጎጆዎች ናቸው፤ ለሩጫ አይመቹም፣ አትሩጡ። ከባልጩት የተሠራው መሣሪያ ፊት ቁሙ። ጥቁር ነው፣ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ጠርዙን ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ ከግራም ከቀኝም ትንንሽ ቅርፊት እየተነሳለት የተሳለ መሆኑ ይታያል። እያንዳንዱ ቅርፊት አንድ ምት ነው። ሲምቢሮ በሚባለው የዚሁ አካባቢ ቁፋሮ፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሰዎች ባልጩትን እየመረጡ በብዛት የእጅ መጥረቢያ ይሠሩበት እንደነበር ተገኝቷል። ጎምቦሬ በተባለው ደግሞ 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ ከዱካዎቹ መካከል የሕፃናት አለበት። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሄን ንገሯቸው። የሙዚየም ጉብኝት የሚሰለቸው ልጅ እንኳ እዚህ ላይ ጥያቄ ይጀምራል።

አንድ አደራ አለኝ። መሬት ላይ ያለ ስለታም ድንጋይ አታንሱ፣ ኪሳችሁም አትክተቱ። ድንጋዩ ከቦታው ከተነሳ ለአጥኚው የሚነግረው ነገር ይጠፋል።

አዳዲ ማርያም ከዋናው አስፋልት ወደ ምዕራብ ተገንጥሎ በሚገባ የገጠር መንገድ ላይ ናት። ከሩቅ አትታይም። ጣራዋ ከመሬቱ ጋር እኩል ስለሆነ አጠገቧ ስትደርሱ ነው ጉድጓዱ የሚገለጠው። በትውፊት ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጋር ትያያዛለች። ወደ ታች ስትወርዱ ግድግዳው ላይ እጃችሁን ሳታሳርፉ በዐይናችሁ ተከተሉት። የት ላይ ከዋናው ዐለት እንደተለያየች፣ የት ላይ ደግሞ እንደተያያዘች ፈልጉ። ላሊበላ ስትሄዱ አሥራ አንዱንም አብያተ ክርስቲያናት የምታዩት በዚህ ዐይን ነው።

ጢያ ከ80 ኪሎ ሜትር አልፎ፣ ጉራጌ ሶዶ ውስጥ ነው። ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። 36 ትክል ድንጋዮች አሉት፤ 32ቱ ተቀርጾባቸዋል። ከቅርጾቹ አብዛኛው ሰይፍ ነው፤ ጫፉ ወደ ታች ያመለክታል። ሰይፎቹን በየድንጋዩ ቁጠሩ፣ ብዛታቸው ይለያያል። ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር አለ። ማን ለማን እንዳቆማቸው የሚናገር ጽሑፍ ግን የለም። ጢያን በደንብ ያየ ሰው በ2023 እ.ኤ.አ. የተመዘገበውን የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ትክል ድንጋዮችም ማየት ይፈልጋል። መንገድ መንገድን ይወልዳል።

ሦስቱንም በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል፤ አስጎብኚ ድርጅቶችም እንዲያ ያደርጋሉ። እኔ ግን አልመክርም። በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል።

3. ወቅቱን ምረጡ፣ ከዚያ በሌላ ወቅት ተመለሱ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ከሁሉም ያምራል፤ ሜዳው አደይ ነው፣ አየሩም የጠራ ነው። ጥቁር አፈሩ ግን ገና አልደረቀም። ወደ አዳዲ የሚያስገባው ዓይነት የገጠር መንገድ በክረምት ጭቃው መኪና ይይዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ከኅዳር እስከ ጥር አድርጉት።

ዝቋላ ለየት ይላል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት ይህ ተራራ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ አናቱ ላይ ሐይቅ አለው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ንግሥ ስለሆነ ሕዝቡ ብዙ ነው። መጀመሪያ በአዘቦት ቀን ሄዳችሁ ተራራውን እዩ። በሌላ ዓመት ለንግሡ ውጡ። ሁለቱ የተለያዩ ጉብኝቶች ናቸው።

ደኑም እንዲሁ ነው። ሱባን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወፍ ዋሻ ከሚባለው ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጥዱ፣ ዝግባውና ኮሶው ትልልቅ ናቸው። ወደ ወጨጫ ተራራ ከፍ ስትሉ አስታ ይጀምራል። ጉሬዛ ለማየት ብዙም መድከም አያስፈልግም። የምኒልክ ድኩላ ግን ማለዳ ተነስቶ ዝም ያለ ሰው ነው የሚያየው፤ ወንዱ ጠቆር ያለ ስለሆነ ጥላ ውስጥ ከቆመ አይለይም። ስፒከር ይዞ የሚገባ ቡድን ቅርንጫፍ ብቻ አይቶ ይመለሳል።

4. ከመሄዳችሁ በፊት

የመንገዱን ወሬ ጠይቁ። በአካባቢው የሚያውቅ ሰው ካለ ደውሉ፤ ከሌለ መናኸሪያ ሄዳችሁ የመስመሩን ሾፌሮች አነጋግሩ፤ ከማንም የበለጠ ያውቃሉ። «መንገዱ ሰላም ነው? ዝናብ ጥሏል? የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት ይመለሳል?» እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። መልሱ ካላማራችሁ ቀኑን አሸጋግሩት። ቦታው የትም አይሄድም።

መታወቂያ አትርሱ፤ ለአገር ሰው የመግቢያ ዋጋው ከውጭ ዜጋ ያነሰ ነው። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ኔትወርክ ከሌለ ቴሌብር አይሠራም። ውሃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ ሹራብ። ሴቶች ነጠላ። ሲወልቅ የማያስቸግር ጫማ።

5. ቦታው ላይ ስትደርሱ

መጀመሪያ ሰላምታ ይቅደም። በከተማችን ዙሪያ ያለው ገጠር አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመር ፊትን ያፈታል። ካህን ካገኛችሁ «አባ፣ ይፍቱኝ» በሉ። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ እስኪያልቅ ጠብቁ። ፎቶ ለማንሳት አስፈቅዱ፤ ሥዕል ላይ ፍላሽ አታብሩ። የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙና ክፈሉት፤ መጽሐፍ ላይ የሌለውን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ደብረ ሊባኖስ ስትሄዱ ታሪኩን አውቃችሁ ሂዱ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው። በግንቦት 1929 ደግሞ የግራዚያኒ ጦር መነኮሳቱንና ለበዓል የመጣውን ምዕመን ፈጅቷል። ይሄን ሳያውቁ እዚያ ግቢ ቆሞ ፎቶ መነሳት ይከብደኛል።

ከገዳሙ ወጣ ብላችሁ ገደሉ አፍ ላይ ጭላዳ ታገኛላችሁ። ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቃቸው ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ስለዚህ ጠዋት ይሻላል። ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ ጣቶቻቸውን ተመልከቱ፤ አንድ አንድ ዘለላ እየለቀሙ፣ እጃቸው ሲሞላ ነው የሚጎርሱት። ምግብ አትስጧቸው። ሰሜን ተራሮች ስትሄዱ እነዚሁን ነው በመቶዎች ሆነው የምታዩአቸው።

6. ደብተር ያዙ

ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ከስልኩ ጋር ይጠፋል። ደብተር ይቆያል። ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ጥቅምት 18፣ ሱባ። እስከ 3 ሰዓት ጉም። ጉሬዛ ዝግባው ላይ፣ ግልገሏ ነጭ። ከወንዙ በኋላ ጭቃ አለ። ድኩላ አላየንም፣ ኮቴው ግን አለ። አስጎብኚው በጥር ኑ ብሏል።» የመግቢያውን ደረሰኝ እዚያው ለጥፉ። ፎቶ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ አንሱ፤ ከዓመታት በኋላ ደኑ መስፋቱን ወይም መሳሳቱን ራሳችሁ ትለያላችሁ።

7. ወደ ሩቁ ውጡ

አንድ መንገድ ስትጨርሱ ለዚያ የሚመጥን አንድ ሩቅ ቦታ ለራሳችሁ ፍቀዱ። ከአዳዲ በኋላ ላሊበላ። ከደብረ ሊባኖስ ጭላዳዎች በኋላ የሰሜን ተራሮች፤ እዚያ ዋልያ ይጨመራል። ከመልካ ቁንጥሬ በኋላ በአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ ጋ ቆም ብላችሁ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ከየት ወደ የት እንደሆነ አስቡት።

ከሱባ በኋላ ደግሞ ባሌ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ላይ ነው፤ መግቢያውን እዚያ ከፍላችሁ አስጎብኚ ያዙ። የመጀመሪያውን ቀን እዚያው ዲንሾ ዙሪያ በእግር ዋሉ። የደጋ ኒያላ ታያላችሁ፤ ሱባ ላይ ያስቸገራችሁ የምኒልክ ድኩላም እዚያ ይገኛል። ሳነቴ የሚባለውን የፓርኩን አምባ ለማግስቱ አቆዩት። አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሰውነት ለመልመድ አንድ ሌሊት ይፈልጋል። ቀይ ቀበሮው ደግሞ ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው በቀን ነውና ከዲንሾ በጊዜ ተነሱ፣ ጋቢም ያዙ።