ተማሪዎችን የጀጎል ጠባቂ ማድረግ፦ እንዴት?

ሐረር ለሚማር ልጅ ጀጎል ቅርስ አይደለም። በየቀኑ የሚያልፍበት ግንብ ነው። ኳስ ያነጥርበታል፣ ጥላው ሥር ቆሞ ጓደኛውን ይጠብቃል። በሰልፍ ሰዓት «የዓለም ቅርስ ነውና ጠብቁት» ብሎ መናገር ብዙም አይፈይድም። ግንቡ በምን እንደተሠራና በምን እንደሚፈርስ ሲገባው ግን ልጁ ራሱ ተቆርቋሪ ይሆናል። ከ4ኛ ክፍል በላይ ላሉ ተማሪዎች የሚሆን አካሄድ ይኸውና።

1. በእግር ዙሩ

መጽሐፍ ከመግለጣችሁ በፊት ግንቡን ዙሩት። ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ አንድ ጠዋት ይበቃል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት የሚነገርለት ይህ ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። መኪና የሚገባበት ሐረር በር በኋላ የተከፈተ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ካርታ በእርሳስ ይሳል። ከግንቡ ሥር ያሉት የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች ጋ ስትደርሱ ጊዜ ስጧቸው፤ ከዚያ በቀላሉ አይነቃነቁም።

2. ሁለት ትንንሽ ግንብ ሥሩ

ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ አትቸኩሉ። የድሮው ግንብ ድንጋይና ጭቃ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ቤቱን ሲያድስ «ይጠነክራል» ብሎ ሲሚንቶ ይለስናል። ክፉ አስቦ አይደለም። ጉዳቱን ግን ልጆቹ በዓይናቸው ይዩት።

በግቢው ጥግ ከድንጋይና ከጭቃ፣ ቁመታቸው እስከ ጉልበት የሚደርስ ሁለት ግንብ ያቁሙ። አንዱን በጭቃ ለስነው ኖራ ይቀቡት፣ ሌላውን በሲሚንቶ ይለስኑት። አናታቸው ሳይለሰን ይቅር። ሁለት ሳምንት ያህል ይድረቁ። ከዚያ ሁለቱም ላይ እኩል ውኃ ከላይ ያፍስሱ። ፀሐይ ለጥቂት ቀን ከመታቸው በኋላ ልስኑን ይላጡት። በጭቃ የተለሰነው ውኃውን በልስኑ በኩል ስለሚያስወጣ ቶሎ ይደርቃል። ሲሚንቶው ከውጭ ድርቅ ያለ ይመስላል፤ ከኋላው ያለው ጭቃ ግን ገና ርሷል። እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ጭቃውን ያላላዋል፣ ቆይቶ ግንቡ ሆዱን ይነፋል።

ጣታቸውን እዚያ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ይክተቱ። ማስታወሻ ማጻፉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

3. ቤት አስገቧቸው

ባለቤቱን አስቀድማችሁ አስፈቅዱና አንድ የሐረሪ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ አሳዩአቸው። ጫማ ይወልቃል። በደረጃ ከፍና ዝቅ ያሉትን መደቦች፣ ነደባዎቹን፣ ይቁጠሩ። ማን የት እንደሚቀመጥ የቤቱ እመቤት ትንገራቸው፤ እናንተ ዝም በሉ። ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለው ስፌትም እሷን የመሰለ አስተማሪ የለም።

ሐረር ኖሮ በነበረው በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራውን ቤትም አትለፉት። ገጣሚው የሞተው በ1891 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቤት የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። «ታዲያ ለምን በሱ ስም ይጠራል?» ብላችሁ ጠይቁና ይከራከሩ። ቅርስን መውደድ የተነገረውን ሁሉ መቀበል አይደለም።

4. አያትን ይጠይቁ

በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ወይም በሶማሊኛ፣ ቤት በሚነገረው ቋንቋ። አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሐረሪዎች በዓል፣ ሹዋል ኢድ፣ በልጅነታቸው እንዴት ይከበር ነበር?

5. ቁራጭ ግንብ አስረክቧቸው

ክፍሉ ሠላሳ እርምጃ ያህል ግንብ ይረከብ። ሰኔ ላይ ከክረምቱ በፊት፣ መስከረም ላይ ደግሞ ከክረምቱ በኋላ፣ ከአንድ ቦታ ቆመው ፎቶ ያንሱት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ አዲስ ስንጥቅ፣ የበቀለ ቁጥቋጦ ወይም የተከመረ ቆሻሻ ይለያሉ። ቆሻሻውን ጓንት አድርገው ያንሱ። ቁጥቋጦውን ግን አይንቀሉ፤ ሥሩ ድንጋይ ይዞ ይመጣል።

ለተሰነጠቀውና ለፈረሰው ለክልሉ የቅርስ ቢሮ ደብዳቤ ይጻፉ፦ የት፣ መቼ፣ ምን ታየ፣ ፎቶው ይኸው። ሲሚንቶ የሚለስን ሰው ቢያዩ ለመምህራቸው ይንገሩ እንጂ አይጋፈጡ፤ ከግንበኛ ጋር ክርክር የልጅ ሥራ አይደለም። የደብዳቤው ኮፒ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ መልስ ከዘገየ በወሩ ሌላ ይጻፉ። ዓመቱ ሲያልቅ ካርታው፣ ፎቶውና ደብዳቤው ለተከታዩ ክፍል ይተላለፋል።